የሻጭ ቃል፣ የገዢ እምነትና የመንግሥት ጥበቃ

ሰው ወደ ገበያ ወጥቶ ሲገዛ አንዳንዱን ነገር በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ በአፍንጫው አሽትቶ ያውቀዋል። የበሰበሰውን ቲማቲም ከደኅናው፣ የነቀዘውን እህል ከጤናማው መለየት ለማንም አያዳግትም። ሌላው ነገር ግን ከሻጩ ቃል በቀር ማስረጃ የለውም። «ይህ ማር ስኳር አልነካውም»፣ «ይህ ቅቤ ንጹሕ ነው» ሲባል ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ለማሩና ለቅቤው ብቻ ሳይሆን ለሻጩ ምስክርነት ጭምር ነው። እንግዲህ ይህን ምስክርነት መጠበቅ የማን ኃላፊነት ነው? የሻጩ ሕሊና ብቻ ይበቃልን? ወይስ መንግሥት ጣልቃ ሊገባ ይገባዋል? መንግሥት ከገባበትስ ሕሊና ከተጠያቂነት ነጻ ይወጣልን?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት «ኦርጋኒክ» ተብለው የሚሸጡ ምግቦችን ለመቆጣጠር የተደረገውን ረጅም ጥረት በምሳሌነት እንወስዳለን። ምሳሌው ከሩቅ አገር ቢመጣም ጉዳዩ ከእኛም ደጅ የራቀ እንዳልሆነ ከታች እናያለን። ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ የሚመሰክረው

«ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ለብዙዎች «ለጤና የተሻለ» ማለት ይመስላቸዋል። በሕግ የተሰጠው ትርጉም ግን ይህ አይደለም። ቃሉ የሚናገረው ምግቡ እንዴት እንደተመረተ ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት አንድ ማሳ ምርቱ በዚህ ስም እንዲሸጥ ከመከሩ በፊት ለ3 ዓመት የተከለከለ ነገር ያልነካው መሆን አለበት። በፋብሪካ የተሠራ ማዳበሪያና አብዛኛው የፋብሪካ ፀረ ተባይ መድኃኒት አይፈቀድም። ዘረ መሉ የተለወጠ ዘር፣ የከተማ ፍሳሽ ዝቃጭና ምግብን በጨረር ማቆየትም የተከለከሉ ናቸው። ከብዙ ነገር ተቀላቅሎ የሚሠራ ምግብ ከሆነ ደግሞ፣ ከውኃና ከጨው በቀር፣ ቢያንስ ከመቶ 95 እጁ ኦርጋኒክ ካልሆነ ስሙን ሊሸከም አይችልም።

ከዚህ አንድ ከባድ ነገር ይከተላል። በአንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቲማቲሞች በመልክም በጣዕምም አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነታቸው ያለው በታሪካቸው ነው። የላቦራቶሪ ምርመራ የፀረ ተባይ ቅሪት ሊያገኝ ይችላል፤ ቅሪቱም ለተራው ምግብ ከተፈቀደው መጠን ከመቶ 5 እጁን ካለፈ ምርቱ ኦርጋኒክ ተብሎ እንዳይሸጥ ሕጉ ይከለክላል። ነገር ግን ቅሪት አለመገኘቱ ብቻውን ገበሬው ሕጉን እንደጠበቀ አያረጋግጥም። ማንም ተመራማሪ ቲማቲሙን ቆርጦ ማሳው ባለፈው ክረምት ምን እንደተጨመረበት በቀላሉ ሊያነብ አይችልም።

ስለዚህ ቃሉ ስላለፈ ሥራ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ምስክርነቱ ሐሰት ከሆነ ሻጩ የሚጥሰው ሰባተኛውን ትእዛዝ ብቻ አይደለም። ገንዘቡን ከመውሰዱ አስቀድሞ በባልንጀራው ላይ በሐሰት መስክሯልና ስምንተኛውንም ጥሷል። ለዚህ ቃል ሲባል ገዢው የበለጠ ዋጋ ይከፍላል፤ የተሸጠለትም ቃሉ ነውና ቃሉ ባዶ ከሆነ ምንም አልተሸጠለትም ማለት ይቻላል።

ጠባቂ የሌለው ሕግ

በካሊፎርኒያ ይህን ቃል አስቀድመው መጠበቅ የጀመሩት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው። በ1973 ጥቂት ገበሬዎች ተሰባስበው አንዱ የሌላውን ማሳ የሚጎበኝበትና የሚመሰክርበት ማኅበር አቋቋሙ። ቀጥሎ በ1979 የግዛቱ ምክር ቤት «ኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል የሚተረጉም ሕግ አወጣ። ይሁን እንጂ ሕጉ ትርጉም ሰጠ እንጂ ተቆጣጣሪ አልመደበም፤ ለቁጥጥር የሚውል ገንዘብም አልተመደበለትም። ቃሉን በሐሰት የተጠቀመ ሰው ተበዳዩ ራሱ ካልከሰሰው በቀር የሚጠይቀው አልነበረም። ተበዳዩ ደግሞ መበደሉን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

የሆነውም የሚጠበቀው ነው። በ1988 አንድ ነጋዴ ተራ ካሮት ገዝቶ «ኦርጋኒክ» በሚል ከረጢት እያሸገ ሲሸጥ ተገኘ። በ1989 ደግሞ በፖም ላይ ይረጭ የነበረ አላር የተባለ ኬሚካል በመላው አሜሪካ ድንጋጤ ስለ ፈጠረ የኦርጋኒክ ምግብ ፈላጊ በድንገት በዛ። ፈላጊ ሲበዛ አታላይም ይበዛል። በመጨረሻ በ1990 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አዲስ ሕግ አጸደቀ። በዚህ ሕግ መሠረት ኦርጋኒክ ብሎ የሚሸጥ ገበሬ ሁሉ በየካውንቲው ባለው የግብርና ኮሚሽነር ዘንድ መመዝገብና እንደ ሽያጩ መጠን ክፍያ መክፈል ነበረበት፤ ክፍያውም ለቁጥጥሩ ወጪ ይውል ጀመር። ይህን ክፍያ የጠየቁትና የደገፉት ራሳቸው እውነተኞቹ ገበሬዎች መሆናቸው ሊታሰብ ይገባዋል። ሐሰተኛው ቃሉን ሲያረክሰው መጀመሪያ የሚጎዳው ያንኑ ቃል በላቡ የሚጠብቀው ሰው መሆኑን አውቀዋልና።

በዚያው በ1990 የፌዴራሉ ምክር ቤትም ለመላው አገር የሚሆን ሕግ አወጣ። ዝርዝር ደንቡ ግን ብዙ ዘገየ። በ1997 መጨረሻ የቀረበው የመጀመሪያ ረቂቅ ዘረ መሉ የተለወጠ ዘርን፣ ጨረርንና የፍሳሽ ዝቃጭን ለመፍቀድ በር ከፍቶ ስለ ነበር ከ275 ሺህ በላይ የተቃውሞና የአስተያየት መልእክቶች ለመንግሥት ደረሱ። መንግሥትም ረቂቁን መልሶ አሻሻለው፤ የመጨረሻው ደንብ በታኅሣሥ 2000 ታትሞ ከጥቅምት 21 ቀን 2002 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ምርቱን በዚህ ስም የሚሸጥ ሁሉ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ5 ሺህ ዶላር የማይበልጥ ትንሽ ገበሬ ካልሆነ በቀር፣ ከታወቀ ድርጅት የምስክር ወረቀት መያዝና በየዓመቱ መጎብኘት አለበት። ትንሹም ገበሬ ቢሆን ከወረቀቱ እንጂ ከደንቡ ነጻ አልተደረገም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ካሊፎርኒያ የተለየ ቦታ አላት። በፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ተፈቅዶላት የራሷን የኦርጋኒክ መርሐ ግብር የምታስፈጽም ብቸኛ ግዛት ናት። የካውንቲ ተቆጣጣሪዎች በማሳና በገበሬዎች ገበያ እየተዘዋወሩ መዝገብ ይመረምራሉ፤ ናሙናም ይወስዳሉ። ማንም ሰው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ1990ው የፌዴራል ሕግ ቃሉን እያወቀ በሐሰት የተጠቀመ ሰው እስከ 10 ሺህ ዶላር ይቀጣ ነበር፤ ይህ መጠን ከዋጋ ንረት ጋር እየተስተካከለ ዛሬ ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ20 ሺህ ዶላር አልፏል።

ያላወቀ ሰው ዕዳ

ይህ ሁሉ ሥርዓት ከተዘረጋ በኋላም ማታለል አልቆመም። በ2000ዎቹ ዓመታት በካሊፎርኒያ ከዓሣ ተረፈ ምርት የተሠራ ነው እየተባለ ለኦርጋኒክ ገበሬዎች የሚሸጥ ፈሳሽ ማዳበሪያ ነበር። በውስጡ ግን አሞኒየም ሰልፌት የተባለ ርካሽ የፋብሪካ ማዳበሪያ ተጨምሮበት ነበር። ናይትሮጅንን በፍግ፣ በብስባሽና ጥራጥሬን በማፈራረቅ ማግኘት ጊዜና ድካም ይጠይቃል፤ አሞኒየም ሰልፌት ግን ዋጋው ትንሽ፣ ሥራውም ፈጣን ነው። ፈተናው ያለው በዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ ለግዛቱ መንግሥት ጥቆማ የደረሰው በ2004 ሲሆን ከገበያ የወጣው በ2007 መጀመሪያ ነው። ያኔም ነገሩ በጸጥታ ተከናወነ እንጂ ለሕዝብ አልተነገረም። ሕዝቡ ያወቀው በ2008 መጨረሻ በጋዜጣ ነው። ከዚህ በኋላ በ2009 የግዛቱ ምክር ቤት ለኦርጋኒክ እርሻ የሚሸጥ ማዳበሪያ ሁሉ እንዲመዘገብና እንዲመረመር የሚያዝዝ ሕግ አወጣ። አምራቹም በ2012 በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ ተፈረደበት።

እዚህ ላይ የሁለት ወገኖችን ኃላፊነት እንመዝን። ማዳበሪያውን ገዝተው የተጠቀሙት ገበሬዎች ምን አጠፉ? ቅዱስ ቶማስ አኲናስ «ሱማ ቴኦሎጂካ» በተባለው ታላቅ ሥራው፣ በሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ መጽሐፍ ጥያቄ 77፣ ስለ መሸጥና መግዛት ሲያስተምር በሚሸጥ ነገር ላይ የሚገኙ ጉድለቶችን በሦስት ይከፍላቸዋል፤ እነርሱም የነገሩ ምንነት፣ መጠኑና ጥራቱ ናቸው። ከእነዚህ በአንዱ ጉድለት እንዳለ እያወቀ የሸጠ ኃጢአት ሠርቷል፤ ካሣም ይከፍላል። ሳያውቅ የሸጠ ኃጢአት የለበትም፤ ሆኖም እውነቱ ሲገለጥለት የገዢውን ጉዳት መካስ ይገባዋል። ይህ ትምህርት ጥልቅ ነው። በደለኝነትና ዕዳ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ያስረዳናል። ንጹሕ ሰውም የሌላው ሰው የሆነ ገንዘብ በእጁ ሊገኝ ይችላል፤ ንጽሕናው የሚፈተነውም ይህን ባወቀ ጊዜ በሚያደርገው ነገር ነው።

አምራቹስ? በመታሰሩ ለመንግሥት የሚገባውን ቅጣት ተቀብሏል። በየከተማው ተጨማሪ ዋጋ ከፍለው ኦርጋኒክ ያልሆነ ምግብ የበሉት ሰዎች ግን እነማን እንደ ሆኑ ማንም ቆጥሮ አይዘልቃቸውም። ለማይታወቅ ተበዳይ እንዴት ይካሣል? እዚህም ላይ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ያስተማሩት መንገድ አለ። ባለ ገንዘቡ ጨርሶ ሊገኝ ካልቻለ ገንዘቡ ለድሆች ይሰጥ ይላሉ እንጂ በበዳዩ እጅ ይቅር አይሉም። ስለዚህ በንግድ ያታለለ ሰው ወደ ኑዛዜ ሲቀርብ «ማንን እንዳታለልኩ አላውቅም» ማለቱ ከካሣ ነጻ አያደርገውም። የመንግሥት ቅጣት የማይደርስበትን ይህን ሥፍራ የሚያውቅ ሕሊና ብቻ ነው።

ሦስተኛም ወገን አለ፤ እርሱም ዝም ያለው ጠባቂ ነው። አስከፊ ወሬ ገበያውን ያናጋል፣ ንጹሐን ገበሬዎችንም ይጎዳል የሚል ሥጋት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የቃልን እውነት እንዲጠብቅ የተሾመ ሰው ቃሉ እንደተበረዘ እያወቀ ከደበቀ ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን የራሱንም ሹመት ትርጉም ያሳጣዋል። ገበያ የሚቆመው ጥፋት በመደበቁ ሳይሆን ጥፋት ሲገኝ እንደሚነገር በመታመኑ ነው።

ሁለት ስሕተቶች

ከዚህ ታሪክ ሁለት የተሳሳቱ መደምደሚያዎች ሊወጡ ይችላሉ። አንደኛው «መንግሥት በንግድ ምን አግብቶት! ያታለለ ደንበኛ ያጣል፤ ገበያው ራሱ ይቀጣዋል» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ጉድለቱ በሚታይ ዕቃ ላይ ምናልባት ይሠራ ይሆናል። ገዢው ሊያየው በማይችለው ነገር ላይ ግን አይሠራም፤ መታለሉን የማያውቅ ደንበኛ አይሸሽምና። እንዲያውም ርካሹን በውድ የሚሸጠው አታላይ እውነተኛውን ከገበያ ያስወጣዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1991 ባወጡት «ቼንቴሲሙስ አኑስ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ከመንግሥት ቀዳሚ ተግባራት አንዱ የሚሠራ ሰው የሥራውን ፍሬ በሰላም እንዲያገኝና በሐቀኝነት ለመሥራት እንዲበረታታ ዋስትና መስጠት መሆኑን አስተምረዋል። በ1979 እና በ1990 መካከል የነበረው የካሊፎርኒያ ገበያ ይህ ዋስትና ሲጎድል የሚሆነውን ያሳያል።

ሁለተኛው ስሕተት «ሁሉን ለመንግሥት እንተው፤ ማኅተም ካለ እናምናለን፣ ከሌለ አናምንም» የሚል ነው። ተቆጣጣሪ በዓመት አንድ ቀን ይመጣል፤ ገበሬው በቀሩት ቀናት ከማሳውና ከሕሊናው ጋር ብቻውን ነው። በመካከለኛው የአሜሪካ ክፍል አንድ እህል ነጋዴ ከ2010 እስከ 2017 ድረስ ተራ እህልን ኦርጋኒክ እያለ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሸጠው የምስክር ወረቀት በእጁ እያለ ነው። ወረቀቱ ነበረው፤ እውነቱ ግን አልነበረውም። የሸጠውን እህል መጠን ማሳው ሊያፈራ ከሚችለው ጋር ማስተያየት ብቻ ለጥርጣሬ ይበቃ ነበር። በ2023 የታተመውና ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው አዲሱ የፌዴራል ደንብ ይህንኑ የመጠን ማመሳከር በሁሉም ላይ ግዴታ ያደረገው፣ የሚደልሉና የሚያስመጡ ነጋዴዎችንም በቁጥጥሩ ውስጥ ያስገባው ከእንዲህ ያለው ልምድ ተነሥቶ ነው።

ቅን ሚዛን ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ በ1931 «ኳድራጄሲሞ አኖ» በተባለው መልእክታቸው ታናሹ ማኅበር ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ታላቁ እንዳይነጥቀው፣ ይልቁን እንዲረዳው ያስተማሩት መርሕ እዚህ በሥራ ይታያል። አስቀድሞ ገበሬው በሕሊናው፣ ቀጥሎ የገበሬዎች ማኅበር በእርስ በርስ ምስክርነት፣ ከዚያ ካውንቲው በቅርብ ቁጥጥር፣ በላይም ግዛቱና የፌዴራሉ መንግሥት በሕግና በቅጣት፤ እያንዳንዱ የበታቹን ይደግፋል እንጂ አይተካውም። ከሥሩ ያለው ሕሊና ከጠፋ ከላይ ያለው ሁሉ ወረቀት ይሆናል። ከላይ ያለው ጥበቃ ከጠፋ ደግሞ ከሥር ያለው ሐቀኛ ሰው ብቻውን ይቀራል።

ወረቀት የሌለው እውነት

ነገሩ ወደ አገራችንም ይደርሳል። ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የሚላከው ቡና ከፊሉ ኦርጋኒክ ተብሎ በማኅበራትና በዩኒየኖች በኩል ይሸጣል። አገራችንም በ1998 ዓ.ም. (እንደ አገራችን አቆጣጠር) ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 488 የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን አቋቁማለች። አንድ ባለ ትንሽ ማሳ ገበሬ ለብቻው የምስክር ወረቀት ለማውጣት አቅም ስለማይኖረው ብዙ ገበሬዎች በአንድነት ይመሰክሩለታል፤ ማኅበሩም በውስጡ ተቆጣጣሪ መድቦ የእያንዳንዱን አባል ማሳ ይጎበኛል። ያ አዲሱ የአሜሪካ ደንብ ለእንዲህ ዓይነት የገበሬዎች ኅብረት ዝርዝር ግዴታ አስቀምጧል። የአንዱ አባል ማታለል በማኅበሩ ሁሉ ላይ ስለሚደርስ ከካሊፎርኒያ የተነሣው ጥያቄ ቡና አብቃይ በሆነው መንደርም ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ግን አንድ የፍትሕ ጥያቄ መነሣት አለበት። በእድሜው ፋብሪካ የሠራውን ማዳበሪያ ማሳው ላይ ያላፈሰሰ፣ መድኃኒትም ያልረጨ ብዙ ድሃ ገበሬ አለ። የሚናገረው እውነት ነው፤ ወረቀት ግን የለውም። ስለዚህ በሩቁ ገበያ እውነቱን በስሙ ጠርቶ ሊሸጥ አይችልም። ሕጉ ይህን የሚከለክለው በክፋት አይደለም፤ ሩቅ ያለ ገዢ ገበሬውን አያውቀውምና። ነገር ግን የማረጋገጫው ወጪ ከድሃው አቅም በላይ ሲሆን እውነት ራሷ የባለጸጋ ንብረት ትሆናለች። የካሊፎርኒያ ሕግ ክፍያውን በሽያጭ መጠን መመጠኑ፣ ትንሹን ገበሬም ከምስክር ወረቀት ግዴታ ነጻ ማድረጉ ይህን አደጋ ማየቱን ያሳያል። እኛም የቁጥጥር ሥርዓት ስንመሠርትና ስንደግፍ ሐሰተኛውን መያዙን ብቻ ሳይሆን ድሃውን ሐቀኛ በደጅ አለማስቀረቱን መጠየቅ ይገባናል።

ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

በየሰፈራችን ገበያ የግዛት ተቆጣጣሪ የለም፤ በወረቀት ፈንታ የሚቀርበው መሐላ ነው። «በእመቤቴ!» እያሉ ውኃ የገባበትን ወተት መሸጥ የእግዚአብሔርንና የቅዱሳንን ስም የሐሰት ማኅተም ማድረግ ነው። ትንሽ ነገር ነው ብለን ልናልፈው አይገባንም። በማኅተም ላይ ያጭበረበረው ነጋዴ የመንግሥትን ስም በሐሰት ተጠቅሟል፤ በመሐላ የሚያጭበረብረው ግን የተጠቀመበት ስም ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

በሌላ በኩል ገዢም ኃላፊነት አለበት። ሐቀኛውን ሥራ እያደነቀ ዋጋውን ለመክፈል የማይፈቅድ፣ በርካሽ ብቻ የሚሮጥ ሰው ሻጩን ወደ ፈተና ይገፋዋል። ያለ ማስረጃም «የእገሊት ቅቤ ሙዝ አለበት» እያለ የሚያወራ እርሱ ራሱ ስምንተኛውን ትእዛዝ ይጥሳል። ጥርጣሬ ካለ ለሚመለከተው ክፍል በግልጽ መናገር ይገባል እንጂ በሐሜት ስም ማጥፋት አይገባም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላልና።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስምንተኛውን ትእዛዝ በምታስተምሩበት ጊዜ ልጆቹ በፍርድ ቤት ስለሚቆም ምስክር ብቻ እንዳያስቡ ይህን የገበያ ምሳሌ ብትጠቅሱላቸው መልካም ነው። ነጋዴዎችና ገበሬዎች ከሆኑት ምእመናን ጋርም በየቁምስናው ተቀምጣችሁ ተወያዩ፤ በእኛ ገበያ ገዢ ሊያየው የማይችለው ነገር የትኛው ነው? እርሱን የሚጠብቀው ማን ነው? በእርስ በርስ ምስክርነት ልንጠብቀው የምንችለው የትኛው፣ መንግሥትን ልንጠይቅበት የሚገባንስ የትኛው ነው?

መንግሥት ቃልን በሕግ ሊያጥር፣ የጣሰውንም ሊቀጣ ይገባዋል፤ ይህን ሲያደርግ የሐቀኛው ወገን ሆኖ ይቆማልና ልንደግፈው ይገባናል። ሆኖም ተቆጣጣሪው ከማሳው ከወጣ በኋላ በሩን የሚዘጋው ገበሬው ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ በማሳው ላይ ስለሚፈሰውና ስለሚረጨው ነገር ከእግዚአብሔር ፊት በቀር ሌላ ምስክር የለም። ይህን እያሰበ የሚሠራ ሰው ያለ ማኅተምም ሊታመን ይችላል፤ ማኅተሙም በእርሱ እጅ ሲገኝ የሚናገረው እውነት ይሆናል።